«አፍልቼዋለሁ እኮ!» እና ሌሎች የውሃ ወሬዎች

የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሰምቶ የማይጨርሰው አንድ አባባል አለ። የቤት ውሃ ናሙና ይመጣል፣ ይመረመራል፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ ይገኝበታል፣ ባለቤቱ ይጠራል። ከዚያ ያቺ የማትቀረው መልስ ትመጣለች፦ «አፍልቼዋለሁ እኮ!»

እሺ፣ አፍልታችኋል። ማንም አልካዳችሁም። ከፈላ በኋላስ የት ነው ያደረው?

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ በዚህ ክርክር የለም። ባክቴሪያውንም፣ ቫይረሱንም፣ ጃርዲያና መሰሎቹንም ያጠፋል። ችግሩ የፈላ ውሃ ለነገ የሚሆን መከላከያ የለውም። ክሎሪን የገባበት ውሃ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ቢጨመር የተረፈው ክሎሪን ይዋጋለታል። የፈላ ውሃ ግን አንዴ ከቀዘቀዘ ባዶ እጁን ነው። አንድ ያልታጠበ ጣት ይበቃዋል።

አንድ ቤት ልጆቹን ተቅማጥ አልለቅ ብሏቸው ናሙና ልወስድ ሄድኩ። እናትየው ጠንቃቃ ናት። ሳይፈላ አንድ ጉንጭ እንኳ አይጠጣም አለችኝ፤ እውነቷንም ነበር። ከቧንቧው፣ ከማንቆርቆሪያው እና ከሚጠጡበት ባልዲ ወሰድኩ። የቧንቧው ውሃ ጥቂት ባክቴሪያ ነበረበት። የማንቆርቆሪያው ዜሮ። የባልዲው ከቧንቧውም የባሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ውጤቱን መጠበቅም አያስፈልግም ነበር። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ትንሹ ልጅ ከውጭ እየሮጠ ገባ። ክዳኑን ገፋ አደረገና ኩባያውን እስከ እጀታው ነከረው፤ ጣቶቹም አብረው ገቡ። ጠጣ፣ የተረፈውን መልሶ ባልዲው ውስጥ ደፋው፣ ኩባያውን ክዳኑ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። እናቱ «ይኸው፣ ክዳን አለው» አለችኝ።

ስለዚህ የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበት ዕቃ አፉ ጠባብ ይሁን። ኩባያ የሚያስገባ አፍ እጅም ያስገባል። ወይ አዘንብላችሁ የምትቀዱበት ጀሪካን፣ ወይ ከታች ቧንቧ ያለው ዕቃ ይሻላል። ያላችሁ ባልዲ ብቻ ከሆነ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ ለዚያ ብቻ መድቡ፤ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ማንም አፉን አይክተትበት። ከተቻለ ደግሞ ውሃው በፈላበት ዕቃ ውስጥ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ፤ በየዕቃው በተገለበጠ ቁጥር አዲስ ጀርም ያገኛል። ጀሪካናችሁን ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱት። የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ጀርሞቹ ቤት ሠርተውበታል፣ ማለቅለቅ ብቻውን አያስለቅቃቸውም። በሳሙና ፈትጋችሁ አጥቡት፣ ከዚያ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ አቆዩትና አለቅልቁት።

የዚሁ ተረት ሁለተኛ ክፍል ደግሞ አለ፤ «ማፍላት ሁሉንም ያወጣል» የሚለው። እንደ ፍሎራይድ፣ አርሰኒክ፣ ናይትሬትና እርሳስ (ብረቱ) ያሉ ኬሚካሎች በሙቀት አይሞቱም፤ ድሮስ መቼ ሕይወት ነበራቸው? ውሃው እየተነነ ሲሄድ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ባፈላችሁት ቁጥር መጠናቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ናይትሬት የበዛበትን ውሃ ደጋግሞ አፍልቶ ለሕፃን የዱቄት ወተት መበጥበጥ፣ ለልጁ መጠንቀቅ መስሎ እሱን መጉዳት ነው። ናይትሬት የጨቅላ ሕፃን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

«ሃያ ደቂቃ ካልፈላ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ነዳጅ ማባከን ነው። ፍልቅልቅ ብሎ ከፈላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ከሆነ 3 ደቂቃ አድርጉት፤ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ነውና።

ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ማድረግ ጀርም ይገድላል? አይገድልም። ያስተኛዋል።

«ውሃው ኩልል ያለ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ የነበረው ፓምፕ ውሃው በጣዕሙ የተወደደ ነበር። ሰፈር የቀየሩ አንዲት ባልቴት ሳይቀሩ ካሉበት ሩቅ ቦታ እያስመጡ ይጠጡት ነበር። በኮሌራ ሞቱ። ዶክተር ጆን ስኖው በሽታው ከዚያ ፓምፕ እንደሚመጣ ካሳዩባቸው ማስረጃዎች አንዱ የእሳቸው ሞት ነው፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ዓይን የሚያየው ጭቃን ነው። ድፍርስ ውሃ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አዝቅጡት፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ ማከሙ ከዚያ በኋላ ነው።

«የእኛ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ንጹህ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ስላለበት ይበልጥ ያስቸግራል። ጥልቅ ጉድጓድ ከጀርም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከድንጋዩ የሚሟሟውን ግን ማን ይከለክለዋል? ባንግላዴሽ ሕዝቡን ከኩሬ ውሃ በሽታ ለማዳን ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ ጉድጓድ ተቆፈረ። ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ፣ ብዙዎቹ አርሰኒክ እንዳለባቸው ታወቀ። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይዱ ነው ፈተናው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ ጥርስ ይበልዛል፣ በጣም ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ይጎዳል። ለዚህ ማፍላትም ክሎሪንም ዋጋ የላቸውም። ወይ ለዚያው የተሠራ ማጣሪያ፣ ወይ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው።

ክሎሪን ካነሳን፣ «ከሸተተ መርዝ ነው» የሚባለው ነገር ይብቃ። ትንሽ የሚሸት ውሃ አሁንም እየተጠበቀ ያለ ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ገደብ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፤ ሰው ገና ከዚያ በብዙ ባነሰ መጠን ሽታው ይታወቀዋል። የውሃ ማከሚያ እንክብል ስትጠቀሙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቁ። ጨምራችሁ ወዲያው አትጠጡ፣ 30 ደቂቃ ስጡት። «ለጥንቃቄ» ብላችሁ በእጥፍ አትጨምሩ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተዋህሲ ግን በዚህ መጠን ክሎሪን አይገድለውም፤ እሱን ማፍላት ይገድለዋል።

ፀሐይዋ ጀርሙን እንድትገድል ተብሎ ፀሐይ ላይ ስለሚቀመጥ የውሃ ጠርሙስ የሚሳለቁ አሉ፤ አይሳለቁበት። ጥርት ያለ ውሃ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ከ2 ሊትር ባልበለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ለ6 ሰዓታት ይቀመጥ። ሰማዩ ከደመነ ለ2 ቀን። ይሠራል።

«ሆዳችን ለምዶታል።» የእናንተ ይሆናል። የጨቅላውስ?

አሁን ደግሞ አዲስ ፋሽን መጥቷል፤ እንደ እስክሪብቶ የምትያዝ ዲጂታል መለኪያ። ማጣሪያ ሻጩ ውሃው ውስጥ ይነክራታል፣ ቁጥር ታሳያለች፣ ቁጥሩ ካነሰ «ንጹህ» ይባላል። መለኪያዋ የምታየው በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን በጥቅሉ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ነው። ባክቴሪያ አታይም፣ ቫይረስ አታይም። አርሰኒክ ጎጂ በሆነ መጠን ቢኖርም ቁጥሯ ንቅንቅ ላይል ይችላል። አንድ ደንበኛ ይህችን ይዞ መጥቶ ከእኔ ውጤት ጋር ሊያከራክረኝ ሞከረ። ጠረጴዛዬ ላይ በባክቴሪያ የተሞላ ናሙና ነበር፣ «እስቲ ይህን ለካው» አልኩት። ለካው፣ የእሱን የሚመስል ዝቅተኛ ቁጥር አወጣች። ዝም አለ።

ማጣሪያም አንድ ዓይነት አይደለም። የከሰል ማጣሪያ ጣዕምና ሽታ ያሳምራል፣ ጀርም ግን አይገድልም። የሸክላው ባክቴሪያና ጥገኛ ተዋህሲያን ያስቀራል፣ ቫይረስ ያመልጠዋል። የትኛውም ቢሆን በጊዜው ካልጸዳና ካልተቀየረ ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁ ውስጥ ምን እንዳለ አስመርምሩ። ለጀርም የባክቴሪያ ምርመራ ጠይቁ፤ 100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መኖር የለበትም። የጉድጓድ ከሆነ ፍሎራይድ፣ አርሰኒክና ናይትሬት ጨምሩበት። ለባክቴሪያው የታሸገ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ውሰዱ፣ የክዳኑን ውስጥ በእጅ አትንኩ፣ ቀዝቀዝ እንዳለ በዚያው ቀን አድርሱ። የለስላሳ ጠርሙስ አለቅልቃችሁ የምታመጡልን ሰዎች ጠርሙሱን ነው የምታስመረምሩት።