በልቶ ስላበጠ ሰው ጎንደር ላይ የሚባሉ ነገሮች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው በልቶ እጁን ሳይታጠብ ከንፈሩ ቢያብጥ፣ ሰውነቱን ሽፍ ብሎ ቢያሳክከው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ብዙ ጊዜ «ቡዳ በላው» ወይም «ምግቡ ተመርዟል» ይባላል። የማንንም እምነት ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የሚያስጨንቀኝ በዚያ ንግግር መሀል የሚባክነው ደቂቃ ነው። የምግብ አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ የምግቡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል።

«ቅብጠት ነው፤ ትንሽ ትንሽ ሲቀምስ ይለምደዋል።»
አይለምደውም። ለአንዳንዱ ሰው በጣት የተነካ ያህል ይበቃዋል። ባለፈው ጊዜ ሽፍታ ብቻ ነበር ማለትም የሚቀጥለው ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። በልክ እየተሰጠ የሚያለማምድ ሕክምና አለ፤ እሱ ግን የሚሠራው በስፔሻሊስት ሐኪም ክትትል ነው። ስለዚህ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ የሚቀርብ ጉርሻ አለርጂ ላለበት ሰው አደጋ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላም የጎረቤቱ እጅ የነካው ወጥ ወደ እሱ በኩል ይደርሳል። የራሱ ሳህን ይሰጠው፤ ማንም ቅር አይበለው።

«አለርጂ የፈረንጅ ምግብ ነው የሚያመጣው፤ የእኛ ንጹሕ ነው።»
ከመተማና ከሁመራ በየዓመቱ የሚጫነው ሰሊጥ በዓለም ከታወቁት ዋና ዋና የአለርጂ መነሻዎች አንዱ ነው። አሜሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በታሸገ ምግብ ላይ ሰሊጥ በግልጽ እንዲጻፍ በሕግ አስገድዳለች። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ሽምብራና ምስርም የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ሽሮም የሚያሠጋ ነው።
በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ከገበታ ሲወጡ ለእነሱ አለርጂ የሆነው ሰው እፎይ ይላል፤ ሰሊጥ የማይስማማው ግን ያኔ ነው መጠንቀቅ ያለበት። ሐላዋውም፣ ሰሊጥ የገባበት ፍትፍትም፣ ዘይቱም ያው ሰሊጥ ነው። ሳይጣራ የተጨመቀ ዘይት ውስጥ ፕሮቲኑ ይቀራል። ኑግና ሰሊጥ በአንድ መጭመቂያ ካለፉ ደግሞ የኑግ ዘይቱም አይታመንም። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው፦ ስንዴ የማይስማማው ሰው ጤፉ ከምን በኋላ እንደተፈጨ ይጠይቅ። መቁላትና መቀቀልም የሰሊጥንና የኦቾሎኒን አለርጂ አያጠፋም።

«የላም ወተት እምቢ ካለው የፍየል ይሰጠው።»
የሁለቱ ፕሮቲን በጣም ስለሚመሳሰል ለላም ወተት አለርጂ የሆነ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉንም አይችለውም። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋው አዋቂ ግን ሌላ ነው። እሱ የወተቱን ስኳር መፍጨት ነው የቸገረው፤ ጉሮሮው አይዘጋም።

«ለሕፃን ኦቾሎኒ ቶሎ አይሰጥም።»
ሐኪሞችም ድሮ እንዲህ ይሉ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ የወጣ ጥናት ነገሩን ገለበጠው፦ ለአለርጂ ከተጋለጡ ሕፃናት መካከል ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ አዘውትረው የበሉት፣ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በኦቾሎኒ አለርጂ የመያዛቸው ዕድል ካልበሉት በ80 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው ያንቃልና ልሞ ገንፎ ውስጥ ይግባ። ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

«ወተት አጠጡት፣ ዳማከሴ አሽትቱት፣ የአለርጂ ኪኒን ስጡት።»
ጠላቱ ራሱ ወተት ቢሆንስ? ጉሮሮው እያበጠ ላለ ሰው መጠጥ መስጠትም ሊያንቀው ይችላል። ኪኒኑ ማሳከኩን ያስታግሣል እንጂ የተዘጋ አየር መንገድ አይከፍትም፣ የወደቀ የደም ግፊት አያነሣም። ይህን የሚያደርገው በጭን ውጫዊ ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ ያስቀመጠው ነው። ጸበሉ ከሐኪም በኋላም ይደርሳል።
ስለዚህ ድምፁ ከጎረነነ፣ ካፈነው፣ ወይም ራሱን ካዞረው ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። እስከዚያ ጋደም ብሎ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። ባጃጅ ፍለጋ ዳገት አይውጣ፣ ቆሞም አይጠብቅ፤ በድንገት መቆም ብቻውን ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። በሩ ላይ ስትደርሱ ምን እንደበላና ስንት ሰዓት ላይ እንደበላ ተናገሩ። መርፌውን ተወግቶ ቢሻለውም ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ «ሂድ» እስኪለው እዚያው ይቆይ።