«የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም»፦ አውቶቡስ ውስጥ ለተቆጣን ሰው

ይህን ምሳሌ አብዛኞቻችን የምናወጣው ሰው ሲከዳን ነው። ያመኑት ጓደኛ ጉድ ሲሠራ «ምን ታደርገዋለህ፣ የወፍ ወንዱ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይባላል። የሳቀልህን ሁሉ አትመን እንደማለት ነው። ለዚህም ይሆናል። ለእኔ ግን ምሳሌው የበለጠ የሚያስፈልገን በተጨናነቀ አውቶቡስና ባቡር ውስጥ ነው፤ ያውም ለጥርጣሬ ሳይሆን ለርኅራኄ።

መነሻው ወፍን አስተውሎ ማየት ነው። በሬን ከላም፣ አውራ ዶሮን ከሴቷ ለመለየት አንድ እይታ ይበቃል። እርግብና ቁራ ላይ ሲመጣ ግን ላባው ያው፣ መልኩ ያው ነው። የወንዱ ወፍ የዘር ፍሬ ውጭ አይታይም፤ ሆዱ ውስጥ፣ ከኩላሊቱ አጠገብ ነው ያለው። ዛሬም ባለሙያዎች የብዙ ወፎችን ፆታ ለማወቅ ከላባቸው ወይም ከደማቸው ናሙና ወስደው ዘረ መል ይመረምራሉ። ሰውም ላይ የተደበቀው ነገር ያለው እዚያው ሆድ ውስጥ ነው፤ በእኛ አነጋገር ሐዘኑም፣ ቂሙም፣ ምሥጢሩም ማደሪያው ሆድ ነውና። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ የማይነገረውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው እንላለን። ምሳሌው ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረው ቤት ስለመታለት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አውቶቡሱ እንግባ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሆል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች በመካከላቸው ስለሚተዉት ርቀት ሲጽፍ፣ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ቦታ በጣም ለምንቀርበው ሰው የምንተወው ነው ብሎ ነበር። አውቶቡስ ሲሞላ ስሙን የማናውቀው ሰው ክርኑ ጎናችን ላይ ያርፋል፣ ትንፋሹ አንገታችን ላይ ነው። ገና ማንም ቃል ሳይናገር ሁሉም ሰው ውስጡ ተወጥሯል።

እና አንዲት ሴት ከባድ ቦርሳ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች እንበል። ከኋላዋ አንድ ሰው «ትጠጊያለሽ ወይስ እዚሁ ልታድሪ ነው?» ብሎ ይጮህባታል። «አንተ ደግሞ ማን ነህ!» ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ ግን ያኔ እሱ ይብሳል፣ እሷም ትመልሳለች፣ ሌላው ተሳፋሪ ጎራ ለይቶ ይገባበታል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ማንም ወደኋላ አይመልሰውም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሊወርዱ ነው? ይለፉ» ብላ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ብትስብስ? ሰውዬው ምናልባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ረፍዶብኝ ነው» ይላል። ምናልባትም ምንም ሳይል ፊቱን እንዳጠቆረ ይወርዳል። ይውረድ። ርኅራኄ ወዲያው ምስጋና ካልተከፈለበት ከሰረ የሚባል ነገር አይደለም።

ሽሙጥ ግን ከዚህ አይቆጠርም። «ኧረ ይለፉ ጌታዬ፣ መንገዱ የእርስዎ ነው!» ብሎ ጎንበስ ማለት ስድቡን በጨዋ ቃል ጠቅልሎ መመለስ ነው። ሰው በተሰበሰበበት «ምን ሆነሃል? ችግር አለብህ?» ማለትም አልወደውም። ሆዱ የማይታወቅ ነው ከተባለ እዚያ መሐል ከፍቶ ለማየት መሞከር ለምን?

ስለ ሻካራ ንግግር ሳስብ የሚደንቀኝ አንድ ሙከራ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስታንሊ ሚልግራም የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎቹን ኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ላካቸው፤ ሥራቸው ምክንያት ሳይሰጡ «ይቅርታ፣ ወንበርዎን ይለቁልኛል?» ማለት ነበር። ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ ወደ 68 የሚሆኑት ተነሡ ወይም ተጠጉ። የከበዳቸው ጠያቂዎቹ ናቸው። ራሱ ሚልግራም ሊሞክር ሄዶ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ተነሽ እስቲ!» ብሎ የሚያንቧርቅ ሰው ሁሉ ደፋር አይመስለኝም። አንዳንዱ ለመለመን ተጨንቆ፣ ጭንቀቱ ቁጣ ሆኖ የወጣበት ነው።

ተቀምጦ የማይነሣውም እንዲሁ ነው። ወጣት ነው፣ ጤነኛ ይመስላል፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሯል፣ አጠገቡ እናት ቆመዋል፤ ስንት ሰው በዓይኑ ይገርፈዋል! ግን የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የወገብ ዲስክ፣ ገና ያልታየ እርግዝና ግንባር ላይ አይጻፍም። ለንደን ውስጥ ሕመማቸው ወይም ጉዳታቸው ለማይታይ ሰዎች ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «እባክዎ ወንበር ይስጡኝ» የሚል ባጅ ይሰጣቸዋል። ደረት ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ያስፈለገው ሌላው ሰው ከውጭ አይቶ ሊያውቅላቸው ስለማይችል ነው። የሚጠራጠር ሰው ቢጠይቅ ይሻላል፦ «ልጄ፣ ብትችል ለእናታችን ትነሣላቸው?» «ብትችል» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት፤ ለማይችለው መውጫ በር ትሰጠዋለች።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ሰው አካል ላይ እጁን የሚልክ፣ የሚዝት፣ የሚመታ ሰው ሆዱ ምንም ይሁን ምን መቆም አለበት። እዚያ ላይ ታገሺ፣ ቻይው ማለት ግፍ ነው። ለሾፌሩ ወይም ለሠራተኛው ይነገር፣ ቦታ ይቀየር፣ ፖሊስ ይጠራ። ተሰዳቢዋ ሌላ ሰው ከሆነች ደግሞ ርኅራኄው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ከተሳዳቢው ጋር መከራከር እንኳ አያስፈልግም፤ ጠጋ ብላችሁ በእሷና በእሱ መሐል ቁሙ፣ «እህቴ፣ የት ነው የምትወርጂው?» በሏት፣ እስክትወርድም ድረስ ወሬ ያዙ።