እየሠሩ መማር፦ የግንባታና የሲሙሌሽን ጨዋታዎች በክፍል ውስጥ

ኮንስትራክሽኒዝም የሚባለው የትምህርት አካሄድ መነሻው ቀላል ነው። ልጅ ነገሩን በደንብ የሚይዘው ሲነገረው ሳይሆን ሲሠራው ነው። ያውም ለሌላ ሰው የሚያሳየውን ነገር ሲሠራ፦ ሮቦት፣ ጨዋታ፣ ከተማ።

የሐሳቡ አባት በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት ነው። ጄኔቫ ላይ ከሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያጄ ጋር ሠርቷል። ፒያጄ ልጆች እውቀትን ራሳቸው በአእምሯቸው እንደሚገነቡ ያስተምር ነበር። ፓፐርት ደግሞ ይህ ግንባታ በእጅ ሥራ ሲታገዝ ይበልጥ ይሰምራል አለ።

በ1967 ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞን፣ ዋሊ ፈርዛይግና ባልደረቦቻቸው ሎጎ የተባለ የልጆች የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠሩ። የሎጎ ዝነኛ በስክሪን ላይ የምትንቀሳቀሰው ኤሊዋ ናት። ወደፊት ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች፣ ዙሪ ሲሏት ትዞራለች፣ በሄደችበትም ታሰምራለች። ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን በኤሊዋ ሣል ሲባል ብዙው ተማሪ 60 ዲግሪ እንድትዞር ያዛታል። የተማረው የውስጥ አንግል 60 ነዋ! ሦስቱ መስመሮች ግን አይገጥሙም። ጭራሽ ስድስት ጊዜ ካስደገማት ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ቁጭ ይላል። ልጁ ተነስቶ እንደ ኤሊዋ ወለሉ ላይ ሲራመድ ነገሩ ይገለጥለታል። ኤሊዋ የምትዞረው የውጪውን አንግል ነው፤ 120። እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላስፈለገም፤ ስሕተቱን ያሳየው ሥዕሉ ራሱ ነው።

በ1980ዎቹ ሎጎ ብዙ ትምህርት ቤት ገባ። የተጠበቀውን ያህል ግን አልሆነም። ተመራማሪዎቹ ሮይ ፒ እና ሚዲያን ኩርላንድ ባደረጉት ጥናት፣ ሎጎ የተማሩት ልጆች ሌላ ሥራ በማቀድ ካልተማሩት ብልጫ አላሳዩም። ፓፐርት ኮምፒውተርን ለብቻው እንደ መድኃኒት መመዘን አይቻልም፣ ወሳኙ በዙሪያው ያለው ባህል ነው ሲል ተከራከረ። ልክ ነው፤ ግን መልሱ ለአስተማሪው ብዙም አይረዳውም።

ከዚያ ወዲህ ከሎጎ ሐሳብ የተወለዱ መሣሪያዎች በዙ። በ1998 ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተባለው የሮቦት መገጣጠሚያ መጣ፤ ስሙንም ከፓፐርት መጽሐፍ ወሰደ። በ2007 ስክራች የተባለው የልጆች የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይፋ ሆነ። ትእዛዞቹ የሚገጣጠሙ ብሎኮች ስለሆኑ ልጅ በፊደል ግድፈት አይሰቃይም።

ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ዓለም በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት፣ ትንሽ ይለያል። በ1989 በወጣው ሲምሲቲ የተባለ የከተማ ግንባታ ጨዋታ ተጫዋቹ መብራት ይዘረጋል፣ ግብር ይጥላል፣ ነዋሪው ሲሸሸው ምክንያቱን ይፈልጋል። አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንደሚነካ በዚህ ልክ የሚያሳይ መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ፣ ሕጉን የጻፈው ጨዋታውን የሠራው ሰው ነው። በመጀመሪያው ሲምሲቲ መንገድ ሳይሠሩ ከተማውን በሙሉ በባቡር ሐዲድ ማገናኘት ይቻል ነበር፤ የትራፊክ መጨናነቅ የሚባል ነገር የለም! ጎበዝ አስተማሪ እዚህ ላይ ያስቆምና «በእውኑ ዓለም ይህ ለምን አይሠራም?» ብሎ ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ኔትሎጎ የተባለው የሲሙሌሽን መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ ተማሪው ራሱ የሞዴሉን ሕግ ከፍቶ እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ ለእኔ የሚሻለው ይሄኛው ነው።

በብሎክ የሚገነባበት ጨዋታ ማይንክራፍት ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ እትሙ በ2016 ወጥቷል። ብሎኩ ኪዩብ ስለሆነ ለስፋትና ለይዘት ሒሳብ ምቹ ነው። ያለ ጥያቄ ከለቀቋቸው ግን ክፍለ ጊዜው ቤት በማሳመር ያልቃል። በቡድን ሲሆን ደግሞ ማውሱን አንዱ ይዞ ሌላው ተመልካች ይሆናል። ስለዚህ ብዙ አስተማሪዎች ተራ ያስይዛሉ። ነጥብ ሲሰጡም ያለቀውን ሥራ ብቻ አያዩም፤ ተማሪው የቱ ጋ እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው እንዲያስረዳ ያደርጋሉ።