የሕንፃ ተሸካሚ አካላትን በዲዛይን ሶፍትዌር ሞዴል ማድረግ

የሕንፃ ተሸካሚ አካላት የሚባሉት መሠረት፣ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ)፣ ሶሌታ (የወለል አርማታ)፣ ሸክም የሚወስድ ግድግዳ፣ ደረጃና የጣሪያ ትረስ (በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ዘንጎች) ናቸው። እነዚህን በአርክቴክቸር ሶፍትዌር ሞዴል ሲያደርጉ እያንዳንዱ አካል ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ከየትኛው ወለል ተነሥቶ የት እንደሚያበቃና ከየትኛው አካል ጋር እንደሚገናኝ ለፕሮግራሙ ይነገረዋል። ፕላኑ፣ ሴክሽኑ (ሕንፃው ተቆርጦ ሲታይ የሚሳለው)፣ የአርማታው መጠንና የፌሮው ሰንጠረዥ ከዚያው ሞዴል ይወጣሉ። የአንድ ቢም ቁመት ከ50 ወደ 60 ሳንቲሜትር ቢቀየር ቢሙ የሚታይባቸው ሥዕሎች በሙሉ አብረው ይቀየራሉ። ሥራው ከሥዕል ሙያ ቢቆጠርም የሚመራው በአንድ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው፦ ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል?

ታሪክ

(ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በኮምፒውተር የመሳል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከኢቫን ሰዘርላንድ ነው። ሰዘርላንድ በ1963 በኤምአይቲ ለዶክትሬት ዲግሪው ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ። ተጠቃሚው በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪኑ ላይ መስመር ይስላል፤ ሁለት መስመሮች ትይዩ ወይም ቀጤ ነክ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ ሥዕሉ ሲንቀሳቀስም ትእዛዙ እንደተጠበቀ ይቆያል። ሰዘርላንድ ካሳያቸው ምሳሌዎች አንዱ ጭነት ያረፈበት የድልድይ ትረስ ነበር፤ በየብረቱ ላይ ያለው ኃይልም በቁጥር ይነበብ ነበር። የስትራክቸር (የተሸካሚ አካላት) ሙያ በዚህ መስክ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን እንደነበረ የሚያሳይ፣ ሊዘነጋ የማይገባ ምሳሌ ነው።

እንዲያውም የስትራክቸር መሐንዲሶች ኮምፒውተርን የለመዱት አርክቴክቶች የሥዕል ሰሌዳቸውን ሳይለቁ ነው። ሬይ ክላፍ ፋይናይት ኤለመንት (አካልን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የማስላት ዘዴ) የሚለውን ስያሜ በ1960 አስተዋወቀ። የበርክሌ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ዊልሰን በ1970 ሳፕ የተባለውን የስሌት ፕሮግራም አወጣ። አሽራፍ ሐቢቡላህ በ1975 ያቋቋመው ኩባንያ ደግሞ የሳፕንና ኢታብስ የተባለውን የሕንፃ ስሌት ፕሮግራም መስመር እስከ ዛሬ ይዞ ዘልቋል። የኢታብስ ብልሃት ሕንፃን በወለል በወለል የተደራረቡ ኮለኖች፣ ቢሞችና ሶሌታዎች አድርጎ መያዙ ነው፤ የዛሬዎቹ የሕንፃ ሞዴሎችም የሚከተሉት ይህንኑ አከፋፈል ነው።

ሕንፃን በሥዕል ፋንታ በአንድ የመረጃ ቋት የመግለጽን ሐሳብ በግልጽ ያስቀመጠው ቻርልስ ኢስትማን ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባዘጋጀው ሥርዓት፣ አንድ አካል በፕላን፣ በሴክሽንና በገጽታ ሥዕል ደጋግሞ መሳሉ ለስሕተት በር እንደሚከፍት አመለከተ፤ አካሉ አንድ ጊዜ ከተገለጸ ሥዕሎቹ ከመግለጫው ሊወጡ እንደሚችሉም አሳየ። ይህ አሠራር ዛሬ ቢአይኤም (የሕንፃ መረጃ ሞዴል) ይባላል። ስያሜውን ማን ቀድሞ እንደተጠቀመበት ግን አከራካሪ ነው። አንዳንዶች በ1986 ስለ ሕንፃ ሞዴል የጻፈውን ሮበርት ኤይሽን ይጠቅሳሉ፤ ሌሎች የዛሬውን ሙሉ ስያሜ በ1992 የተጠቀሙትን ቫን ኔደርቪንና ቶልማንን ያስቀድማሉ፤ በ2002 ገደማ ስያሜውን ያስፋፋው ጄሪ ሌይዘሪን መሆኑን የሚያነሡም አሉ። ሦስቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ ስላላቸው አንዱን ብቻ መምረጥ አይገባም።

በ1982 አውቶካድ የተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ወጣና የሥዕል ሥራን ወደ ግል ኮምፒውተር አመጣ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን አሁንም መስመር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጋቦር ቦያር በቡዳፔስት ግራፊሶፍት የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ መሠረተ። ትልልቅ ኮምፒውተር ማግኘት አስቸጋሪ በነበረበት አገርና ዘመን፣ የፓክስ ኒውክሌር ማመንጫን ቧንቧዎች በትንሽ ማሽን በሦስት ልኬት ሞዴል ያደረገው ቡድን በኋላ አርኪካድ የተባለውን የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር አወጣ። ሩካፕስና ሶናታ የተባሉት የእንግሊዞች የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌሮችም የዚሁ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ሬቪት የተባለው የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር የተጠነሰሰው በ1997 ሊዮኒድ ራይዝና ኧርዊን ጁንግራይስ ባቋቋሙት ኩባንያ ነው። ሁለቱም ከማሽን ዲዛይን ሶፍትዌር ዓለም የመጡ ስለነበሩ፣ አንድ ልኬት ሲቀየር የተያያዙት ሁሉ የሚከተሉበትን አሠራር ወደ ሕንፃ አመጡ። የመጀመሪያው ሬቪት በ2000 ወጣ፤ በ2002 የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ኩባንያውን በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የስትራክቸር መሐንዲሶች የራሳቸውን ሬቪት ለማግኘት እስከ 2005 ጠብቀዋል። በፊንላንድ በ1966 የተመሠረተው የሶፍትዌር ኩባንያ ቴክላ ግን በብረት ሥራ ጀምሮ በ2004 አርማታንም የሚያካትት ሶፍትዌር አቅርቧል።

አሠራሩ

ሥራው በግሪድ (የኮለኖቹን ቦታ በሚወስኑት ተሻጋሪ መስመሮች) እና በወለል ከፍታ ይጀመራል። ግሪዱ ከአርክቴክቱ ሞዴል ተገልብጦ ይቆለፋል። የቀያሹ መጋጠሚያ ቁጥሮች እንዳሉ ሲገቡ ሕንፃው ከሶፍትዌሩ መነሻ ነጥብ እጅግ ሊርቅ ይችላል፤ በሬቪት ውስጥ ከመነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የራቀ ነገር ትክክለኛነቱን ያጣል። ሌላው ቀድሞ መለየት ያለበት የወለል ከፍታ ነው። አርክቴክቱ የሚጽፈው ሊሾና ሴራሚክ ካለቀ በኋላ ያለውን ከፍታ ነው፤ የስትራክቸር መሐንዲሱ የሚፈልገው የሶሌታውን ራስ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ቢሆንም በየወለሉ ያሉትን ቢሞችና ደረጃዎች ሁሉ ያዛባል።

ኮለን ሞዴል የሚደረገው አርማታው እንደሚሞላው ሁሉ ወለል በወለል ነው። ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ አድርጎ ማቆም ፈጣን ይመስላል፤ መጠኑ ወይም የአርማታው ጥንካሬ በመሀል ሲቀየር ግን መከፋፈሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመገጣጠም ቅደም ተከተል ነው፤ ኮለንና ሶሌታ በሚገናኙበት ቦታ አርማታው የማን ተብሎ ይቆጠር? ኮለኑ 50 በ50 ሳንቲሜትር፣ ሶሌታው 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ቢኖራቸው በአንድ መገናኛ 0.05 ሜትር ኩብ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። በየወለሉ 40 ኮለን ባለው ባለ 10 ወለል ሕንፃ ይህ 20 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቢምና ሶሌታም እንዲሁ ናቸው፤ የ60 ሳንቲሜትር ቢም ራሱ ከ20 ሳንቲሜትሩ ሶሌታ ራስ ጋር ሲስተካከል ለብቻው የሚቆጠረው የታችኛው 40 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

ግድግዳ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ተሸካሚውን ከከፋፋዩ መለየት ነው። በስሕተት ተሸካሚ የተባለ ከፋፋይ ግድግዳ ስሌት ውስጥ ገብቶ፣ በእውኑ ሕንፃ የማይሸከመውን ጭነት ከቢሙ ላይ ያነሣል፤ ቢሙም ከሚገባው በታች ይነደፋል። መሠረት ከኮለኑ ግርጌ ጋር ስለሚያያዝ ኮለኑን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል።

ፌሮ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ክፍል ነው። በመጀመሪያ የየአካሉ የአርማታ ሽፋን ይወሰናል፤ ዋናው ፌሮና ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ ከዚያ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣሉ። ክብደቱ ከዲያሜትሩ ይሰላል፦ ዲያሜትሩ በሚሊሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩ ኪሎግራም ይገኛል፤ የ16 ሚሊሜትር ፌሮ 1.58 ኪሎግራም ማለት ነው። የሕንፃውን ፌሮ በሙሉ ማስገባት ፋይሉን ስለሚያከብደው ብዙ ቢሮዎች የሚመርጡት የተጨናነቁትን መገናኛዎች ብቻ መሥራት ነው። ምርጫው ትክክል ነው። ከአራት አቅጣጫ የመጡ የቢም ፌሮዎች በኮለን ፌሮና ስታፋ መካከል ማለፍ አለማለፋቸው በሁለት ልኬት ሥዕል አይታወቅም፤ እዚያ ፌሮ ውፍረት የሌለው መስመር ነውና።

ግዑዙና የስሌቱ ሞዴል

እያንዳንዱ ተሸካሚ አካል ሁለት መልክ አለው። በግዑዙ ሞዴል ኮለን ስፋትና ቁመት ያለው አርማታ ነው፤ በስሌቱ ሞዴል መስመር ነው፣ ሶሌታም ውፍረት የሌለው ገጽ ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲለያዩ ይመጣል። የ25 ሳንቲሜትር ቢም ከ50 ሳንቲሜትር ኮለን የውጭ ፊት ጋር ሲስተካከል የሁለቱ መሀል መስመሮች በ12.5 ሳንቲሜትር ይተላለፋሉ። መሐንዲሱ የቢሙን መስመር ወደ ኮለኑ መስመር ይስባል፣ ወይም በማይታጠፍ ማያያዣ ያገናኛቸዋል። ሁለቱንም ካላደረገ ስሌቱ ቢሙን በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆጥረዋል። ሬቪት የስሌቱን መስመር ከግዑዙ አካል ጋር በራሱ ይፈጥር ነበር፤ ከ2023ቱ እትም ጀምሮ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። አንዳንዱ ተጨማሪ ሥራ ነው ብሎ ያማርራል፤ ስሌቱን የሚፈርመው ሰው ስለመስመሩ ራሱ እንዲወስን ማድረጉ ግን ለሙያው የሚበጅ ነው።

ኮለኑን ማን ሞዴል ያድርገው የሚለውም ክርክር አለ። መልሱ የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው፤ አርክቴክቱ ቦታውን ያመለክታል፣ ከዚያ በኋላ የመሐንዲሱን ሞዴል አያይዞ ይጠቀማል። ሁለቱም የየራሳቸውን ካቆሙ አንዱ ኮለን ሁለት ጊዜ ይገኛል።

ልውውጥና የዝርዝር ደረጃ

በተለያዩ ሶፍትዌሮች መካከል ሞዴል የሚተላለፈው አይኤፍሲ በተባለ የፋይል ቅርጸት ነው፤ ይህ ቅርጸት በ2013 አይኤስኦ 16739 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። አይኤፍሲ ለግዑዙ ቢምና ለስሌቱ መስመር የተለያየ ቦታ አለው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው ግዑዙ ብቻ ነው።

ሞዴሉ ምን ያህል በዝርዝር እንደተሠራ የሚያሳዩትን ደረጃዎች ከ100 እስከ 500 የደነገገው የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የ2008 ሰነድ ነው። በ300 የቢሙ ልክና ቦታ ተወስኗል፤ በ400 ሳህኑ፣ ብሎኑና ብየዳው ሳይቀር ገብቶ ለፋብሪካ ዝግጁ ነው። የብረት ሥራ እዚህ ደረጃ ሲደርስ መጋዙና መብሻው በቀጥታ ከሞዴሉ ስለሚታዘዙ፣ በስክሪን ላይ 5 ሚሊሜትር የሳተ ቀዳዳ ብረቱ ላይም 5 ሚሊሜትር ስቶ ይበሳል።