«አትፈላሰፍብን!» ስለ ፍልስፍና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ወልድያ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ «አትፈላሰፍብን!» ይባላል። ከዚህ ቁጣ ጀርባ ያሉት ግምቶች ትምህርታችንን እየጎዱት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፍልስፍና የውጭ ነገር ነው፤ እምነትንም ያጠፋል»

በእስልምናው ትምህርት መንጢቅ፣ ማለትም ሎጂክ፣ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ነው። ፈላስፎችን አጥብቆ የተቸው የእስልምና ሊቅ አል-ጋዛሊ እንኳ ሎጂክን ደግፎ ጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ የሰሜን ወሎዋ ዋድላ በቅኔ ስሟ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። የሌላውን ቢደግም ዋጋ የለውም። ቅኔ ራሱ ፍልስፍና ነው ብዬ አላጋንንም። ሐሳብን ፈጥሮ በዐዋቂ ፊት አቅርቦ መታረም ግን ፍልስፍና የሚፈልገው ሥልጠና ነው።

«ለአገር ጉዳይ አይጠቅምም»

ይህኛው ከሁሉም ያሳዝነኛል፤ ማስረጃው ያለው እዚሁ ወሎ ነውና። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ረሃብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድርቅና የእህል እጥረት ነው። የኢኮኖሚክስና የፍልስፍና ምሁሩ አማርትያ ሴን ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ ምግቡ አልነበረም ወይስ ሰዉ ሊያገኘው አልቻለም?

በወሎ ምርቱ በእርግጥ ወድቆ ነበር። በአገር ደረጃ ግን የምግብ መጠኑ ያን ያህል አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ምግቡንም ገቢውንም ባንድ ጊዜ አጣ። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈውን ቢሸጥም የሚያወጣለት እህል ትንሽ ሆነ። እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ነጋዴ እህል አያመጣም። ጥያቄው ሲለወጥ መፍትሔውም ይለወጣል፦ እህል መጫን ብቻ ሳይሆን የሰዉን የመግዛት አቅም መጠበቅም የመንግሥት ሥራ ይሆናል።

«ፍልስፍና ማስተማር የስሕተት ስሞችን ማስሸምደድ ነው»

የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ይወስዳል። ብዙው የፋላሲ፣ ማለትም የተሳሳተ አመክንዮ፣ ስም ሸምድዶ ይፈተናል፤ በማግስቱም ፌስቡክ ላይ ያየውን ወሬ ሳይጠይቅ ሼር ያደርጋል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ፈተናው ራሱ ስም ነው የሚጠይቀው። ማስተማር ማለት አንድ የወረዳ ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ይዞ ገብቶ «ይህ መደምደሚያ ከየትኛው ማስረጃ መጣ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም የመምህሩን መልስ ጭምር ማስተቸት ነው።

«ሥራ አያስገኝም»

«ፈላስፋ ይፈለጋል» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ብዙም አይወጣም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዳኛም፣ ጋዜጠኛም፣ ሐኪምም ማስረጃን ከግምት መለየት የየዕለት ሥራቸው ነው።