የስበት ልኬትና የሰሜን ሸዋ ገደል

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የመኪና መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ውርጫማ ደጋ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ቆላ ይደርሳል። ይህ ገደል የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች አልቀው የአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚጀምርበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። የአህጉር ፕሌት፣ ማለትም አህጉሩን የተሸከመው ግዙፍ የድንጋይ ንጣፍ፣ እንዴት እንደሚሳሳና እንደሚሰነጠቅ ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

የሰው ልጅ እስካሁን የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመንዝ በታች ያለው የመሬት ቅርፊት ግን ውፍረቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ የታችኛውን ማወቂያ መንገድ ያስፈልጋል፤ አንዱ የስበት ልኬት ነው። ከሥር ያለው ድንጋይ እፍግታው (በእኩል ይዘት ውስጥ ያለው ክብደት) ሲጨምር ስበቱ በትንሹ ይጨምራል፣ ሲቀንስም ይቀንሳል። ግራቪሜትር የተባለው መሣሪያ በሞላ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ክብደት ምን ያህል እንደተሳበች ይለካል። መለኪያው ሚሊጋል ሲሆን፣ አንድ ሚሊጋል ከመሬት ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ጥሩ መሣሪያ የዚህን መቶኛ እንኳ ይለያል።

አስቸጋሪው ሥራ ከንባቡ በኋላ የሚመጣው ነው። ከፍታ በአንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር ስበት 0.3086 ሚሊጋል ይቀንሳል። ከሸዋ ሮቢት 1,700 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ በከፍታው ብቻ ከ520 ሚሊጋል በላይ ይጎድላል ማለት ነው። በመካከል ያለው ድንጋይ ደግሞ በራሱ ስበት 190 ያህሉን ይመልሳል። ይህን የድንጋይ ስሌት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹና 40ዎቹ በአንዲስ ተራሮች ልኬት ያካሄደው ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ሲሆን፣ ከተስተካከለ በኋላ በተለካውና በሚጠበቀው ስበት መካከል የሚቀረው ልዩነት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በገደል አፋፍ ላይ ሌላም ማስተካከያ ይጨመራል፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ባዶ ሸለቆ ስላለ የአካባቢው ቅርጽ ካልተሰላ ውጤቱ ያሳስታል። እንደ አንኮበር ባለ ቦታ ይህን ሥራ ማቃለል አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በደጋው ላይ የሚቀረው የቡጌ ልዩነት ከዜሮ በታች 200 ሚሊጋል አካባቢ ነው፤ ወደ አፋር ሲወርድ ጉድለቱ እያነሰ ይሄዳል። ከደጋው በታች ቀላል ነገር በብዛት አለ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1855 ባቀረበው ሐሳብ ተራሮች ወደ ታች የሚዘልቅ ቀላል ሥር አላቸው። በኢትዮጵያ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው፣ ማንትል የተባለው ወፍራም የድንጋይ ንብር ስለሚሞቅ እፍግታው ቀንሶ ደጋውን ወደ ላይ ይደግፋል፣ ስበቱንም ያሳንሳል። በአንጻሩ በቅርፊቱ ግርጌ ሰርጎ የረጋው ከባድ ማግማ (ቅልጥ ድንጋይ) ስበቱን ከፍ ስለሚያደርግ የቅርፊቱን ውፍረት ይሸፍናል። አንድ የስበት ንባብ ብዙ ዓይነት መልስ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህም የስበት መረጃ ከመሬት ንዝረት ጥናት ጋር ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ኢግል የተባለው ጥናት ፍንዳታዎችን ተጠቅሞ በስምጥ ሸለቆውና በግራ ቀኙ ደጋ የቅርፊቱን ውፍረት ለክቷል። በሰሜን አፋር ቅርፊቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ይሳሳል።

የጠርዙ ስብራት አሁንም ሕያው ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የመታው፣ መጠኑ ከ6 በላይ የነበረው ርዕደ መሬት የደረሰው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ስብራቶቹ በደለል ተሸፍነው ለዓይን በማይታዩበት ሜዳ፣ ቀላሉ ደለል ከከባዱ ባዛልት የሚለይበትን ወሰን ስበት ያሳያል። ሳተላይቶች ይህን አያደርሱም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 የሠራው ጎስ የተባለው የስበት መለኪያ ሳተላይት እንኳ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሚሆን ስፋት ያነሰውን በግልጽ አይለይም፣ ገደሉ ደግሞ ከዚያ ይጠባል። የምድር ላይ ልኬት በአብዛኛው የመኪና መንገድ ተከትሎ ስለሚደረግ፣ ከመንዝና ከግሼ ወደ ቆላ በሚወርዱት የእግርና የበቅሎ መንገዶች ላይ ንባብ መውሰድ ትልቅ ዋጋ አለው።