ሎራ እና ሎራዋን፦ የሴንሰር ዳታ ከሩቅ የሚሰበሰብበት ሬዲዮ

ሎራ ሴንሰር የለካውን ነገር በሬዲዮ ሞገድ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ለመሰብሰብ የሚያገለግል ዘዴ ነው። የአፈር እርጥበት፣ ሮቶ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ የቆጣሪ ንባብ፣ ሥራው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ዳታ ነው። ሲም ካርድ አይፈልግም፤ ዋይፋይም አይፈልግም። መልእክት ካልበዛበት አንድ ባትሪ ለዓመታት ይበቃዋል። ቪዲዮ ልላክበት ያለ ሰው ግን ቤት ተሳስቷል።

ሁለቱን ስሞች ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ሎራ የሬዲዮው አላላክ ነው። ሎራዋን ደግሞ በላዩ ላይ የተሠራው የኔትወርክ ደንብ ነው። መልእክቱ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ መሣሪያው መቼ እንደሚያዳምጥ፣ ዳታው ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው።

አላላኩ እንደ ፉጨት ነው። ከወፍራም ድምፅ ጀምረው ወደ ቀጭን እየሳቡ ያፏጩ። ሎራም ፍሪኩዌንሲውን ከታች ወደ ላይ ይስባል፤ መረጃው ያለው ፉጨቱ ከየት እንደጀመረ ላይ ነው። ገበያ መሃል ወሬ አይሰማም፣ የለመዱት ፉጨት ግን ይለያል። ተቀባዩ የፉጨቱን ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ በዝግተኛው አላላክ ጫጫታው ከምልክቱ 100 እጥፍ ቢበረታ እንኳ ፈልፍሎ ያወጣዋል።

ፍጥነቱ ከ7 እስከ 12 ባሉ ደረጃዎች ይመረጣል። 10 ባይት የጫነ የሎራዋን መልእክት በደረጃ 7 አየር ላይ የሚቆየው 0.06 ሴኮንድ ያህል ነው። በደረጃ 12 ወደ 1.5 ሴኮንድ ይደርሳል። ርቀቱ ይጨምራል፣ ባትሪውም አብሮ ይበላል። በ10 ባይት ምን ይባላል? ብዙ ነገር። 23.4 ዲግሪ ሙቀት 234 ተብሎ በ2 ባይት ይገባል። እርጥበት 1 ባይት፣ የባትሪው ቮልቴጅ 2 ባይት። ገና ግማሹ ነው። ጀማሪ ግን «ሙቀት 23.4 ዲግሪ» ብሎ በፊደል ይልክና ባትሪው ቶሎ አለቀ ብሎ ያማርራል።

በአውሮፓ 868፣ በአሜሪካ 915 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ለሞገዱ የግል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ልክ ግን አለው። በአውሮፓ በብዙዎቹ ቻናሎች አንድ መሣሪያ ከጊዜው 1 በመቶ በላይ መናገር አይችልም። ይህም በሰዓት 36 ሴኮንድ ነው።

ዘዴው የተወለደው ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ፣ ሲክሊዮ በተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ሴምቴክ ገዛው። በ2015 የኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ሎራ አሊያንስ ተቋቋመ።

የ2015 ትልቁ ታሪክ ግን አምስተርዳም ላይ ነው። ዊንከ ጊዘማን እና ዮሃን ስቶኪንግ ሰው ሁሉ በጋራ የሚሠራውን የሎራዋን ኔትወርክ፣ ዘ ቲንግስ ኔትወርክን ጀመሩ። በ10 ጌትዌይ፣ ማለትም የሴንሰሮችን መልእክት ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት በሚያሳልፍ መሣሪያ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከተማዋን ሸፈኗት። ከመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች አንዱ የጀልባ ጉዳይ ነበር። ቦዩ ላይ የታሰረ ጀልባ ውሃ ሲገባበት ወለሉ ላይ ያለው ሴንሰር ለባለቤቱ ይናገራል። ቴሌ እስኪመጣ የጠበቀ የለም። ሰው በየጣሪያው አንቴና ሰቀለ፣ ነገሩም ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። በእኛ አነጋገር ደቦ ነው። ባለጌትዌዩ የማያውቀውን ሰው መልእክት በነጻ ያሳልፋል። ሊያነበው ግን አይችልም፤ ኤኢኤስ-128 በተባለ የምስጢር አቆላለፍ ተቆልፏል። ለነጻ ተጠቃሚ አንድ መሣሪያ በቀን 30 ሴኮንድ የአየር ጊዜ ይሰጠዋል፤ በልኩ ለሚልክ ይተርፋል። በ2016 ደግሞ የሆላንዱ ቴሌ ኬፒኤን መላ ኔዘርላንድን በሎራ ሸፈነ።

«ክፍት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር አላበቃም። የሎራዋንን ደንብ ማንም አውርዶ ያነባል፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረትም በ2021 ደረጃ አድርጎ ተቀብሎታል። ከሥር ያለው አላላክ ግን የሴምቴክ ፓተንት ነው። ተቺዎቹ ይህን ያነሳሉ፣ ልክም ናቸው ሊባል ይችላል። ቢሆንም በራስ ጣሪያ የራስን ኔትወርክ መትከል የሚያስችል ከሱ የተሻለ የለም።

ተፎካካሪው ሲግፎክስ በመልእክት 12 ባይት፣ በቀን 140 መልእክት ብቻ ይፈቅድ ነበር። ኩባንያው በ2022 ኪሳራ ላይ ወድቆ ለሲንጋፖሩ ዩናቢዝ ተሸጠ። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራው የቴሌዎቹ ኤንቢ-አይኦቲም አለ፤ እሱ ሲም ይፈልጋል።

ስለ ርቀቱ ብዙ ይጋነናል። በ2020 ከፊኛ ላይ በ25 ሚሊዋት የተላከ መልእክት 832 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ፊኛና ጌትዌይ ግን በመሃላቸው ቤት የለም። እኔ የመጀመሪያ ጌትዌዬን ቁም ሳጥን ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀምጬ የግቢው በር ላይ ያለው ሴንሰር እንኳ ይቆራረጥብኝ ነበር። ቺፑን ረገምኩ፣ ኮዱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በኋላ አንቴናውን በባሕር ዛፍ አጠና ላይ አስሬ ከቆርቆሮው በላይ ሳወጣው፣ ከወንዙ ማዶ ያለውም ሳይቀር መጣ።